ብብቷን ከማቃጠላችሁ በፊት ስኳሯን ለኩ

የሰው ብብት ይጠቁራል። ቆዳ በሚታጠፍበት፣ በሚፋተግበት፣ በሚያልበውና ምላጭ በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ከሌላው ገላ ጠቆር ይላል። የፍኖተ ሰላም ሴት ብብት እንዲህ ነው፤ የቡሬዋም፣ የጅጋዋም፣ የደምበጫዋም እንዲሁ። እናቶቻችን ብብታቸውን ይታጠቡት ነበር እንጂ አያፍሩበትም ነበር። ዛሬ ስልኳን የከፈተች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ግን ብብቷ እንከን እንደሆነ፣ እንከኑንም ሌዘር የሚባል መሣሪያ እንደሚያነሣው ሲነገራት ይውላል። ነርስ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ቡሬ ነው፤ ይህን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሴቶቻችንን እየዘረፏቸው ነው፤ ከዚያም አልፈው እያቃጠሏቸው ነው።

ማስታወቂያውን ያላየ የለም። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፋል። በግራ በኩል ጠቆር ያለ ብብት፣ በደብዛዛ መብራት የተነሣ። በቀኝ በኩል የነጣ ብብት፣ በደማቅ መብራት የተነሣ፤ ብዙ ጊዜም የሀበሻ ገላ እንኳ ያልሆነ። ከሥሩ ስልክ ቁጥር፣ ከጎኑ «ለሙሽሮች ልዩ ቅናሽ»። ሐኪሙ ማን ነው? መሣሪያው ምን ዓይነት ነው? ጥቁረቱ ከምን መጣ? አንዱም አልተጻፈበትም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። የጠቆረ ብብት አንዳንድ ጊዜ ምንም አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሰውነት ከውስጥ የሚልከው መልእክት ነው። መልእክቱን ሳያነቡ ወረቀቱን ማቃጠል ሕክምና አይባልም።

የአክስቴን ልጅ ነገር ልናገር፤ ፈቅዳልኛለች። ጥር ላይ ልትዳር ነበር። ቬሎዋ እጅጌ የለውም። ሚዜዎቿ «ብብትሽ ፎቶ ላይ ያስጠላል» አሏት። አክስቴ በርበሬ ሸጠው ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዛ፣ ዓባይ በረሃን ተሻግራ አዲስ አበባ ገባች፤ ስሙን የማልጠራው አንድ የውበት ቤት ሄደች። ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ተቀበለቻት። በቤተሰብሽ ስኳር ያለበት አለ ወይ አላለቻትም። የወር አበባሽ ይዛባል ወይ አላለቻትም። ከዚህ በፊት ምን ስትቀቢ ነበር አላለቻትም። በአንድ ጥግ ሞክራ ቆዳዋ እንዴት እንደሚቀበለው አላየችም። አስተኛቻት፣ መሣሪያውን አነሣች፣ ተኮሰች። የአክስቴ ልጅ ያረረ ፀጉር ሲሸታት «አመመኝ» ብትል፣ «ትንሽ ይቆጠቁጣል የኔ ቆንጆ፣ ቻይው» ተባለች።

ቡሬ ስትመለስ «እታለም፣ እማዬ እንዳታይብኝ» ብላ በሩን ዘግታ አሳየችኝ። ውኃ ቋጥሮ የነበረው ፈርጧል። ቁስሉ የዘይት ወይም የፈላ ውኃ ቃጠሎ እንደሚሆነው የተዘበራረቀ አልነበረም። በመስመር የተደረደሩ አራት ማዕዘኖች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የመሣሪያውን አፍ ያህላሉ፤ አንዱ ባንዱ ላይ በተደረበበት ጠርዝ ቆዳው ተገሽልጦ ቀይ ሥጋ ይታያል። ክንዷን ከጎኗ አራርቃ ነው የምትሄደው። ማታ የምትተኛው ሁለት እጇን ከራሷ በላይ አድርጋ ነው። ቁስሉ ሲደርቅ፣ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ቦታው ከድሮው የባሰ ጠቆረ። አራት ማዕዘኖቹ ዛሬም አንድ ሁለት ተብለው ይቆጠራሉ። የተዳረችው እጅጌ ያለው ልብስ አሰፍታ ነው።

ቁስሉን ሳጥብላት አንገቷን አየሁት። ከማጅራቷ ሥር ቆዳው ወፍሯል፣ ጠቁሯል፣ ሲዳስሱት እንደ ከፈይ ነው። ይህን በትምህርት ቤት የተማረ የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። በማግስቱ ጠዋት በባዶ ሆዷ ስኳሯን ለካሁት፤ 148። ሌላ ቀን ደገምኩት፤ አልወረደም። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ሁለት ጊዜ ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው። ዕድሜዋ 24 ነው። ሐኪም ዘንድ ወስጃት መድኃኒት ጀመረች። ብብቷና አንገቷ ለዓመታት ይህንኑ ሲናገሩ ኖረዋል። ያችኛዋ ባለ ጋዋን ፀጉሯን ከፍ አድርጋ አንድ ጊዜ ማጅራቷን ብታይላት ኖሮ ያ ሁሉ አይደርስባትም ነበር።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል ቆሽት እየጨመረ ያመነጫል። በደም ውስጥ የተትረፈረፈው ኢንሱሊን ስኳሩን በወጉ ማስገባት ቢያቅተውም ቆዳ ላይ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ የቆዳን ሴሎች ተባዙ እያለ ይገፋፋቸዋል። በማጅራት፣ በብብት፣ በብሽሽት ቆዳው ይወፍራል፣ ይጠቁራል። ሐኪሞች አካንቶሲስ ኒግሪካንስ ይሉታል። ላዩን ብታቃጥለው ኢንሱሊኑ ከውስጥ እየገፋ መልሶ ያወጣዋል። ክብደት ሲቀንስና ስኳሩ መስመር ሲይዝ ግን ቆዳው ራሱ እየሳሳ፣ እየፈካ ይመጣል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ጣት የምትወጋ መርፌና አንዲት የስኳር መለኪያ ወረቀት ናት። ሌዘሩ ከሚጠይቀው ገንዘብ ጋር የሚወዳደር ዋጋ የላትም።

በወጣት ሴት ላይ ሌላም አለ። የወር አበባዋ በሦስትና በአራት ወር የሚመጣ፣ አገጯ ላይ ፀጉር የሚያበቅል፣ ብጉር አልለቅ ያላት ልጅ ብብቷና አንገቷ ከጠቆረ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው የእንቁላል እጢ ችግር መታሰብ አለበት። ይህ ችግር እርግዝናን ሊያዘገይ ይችላል፤ በገጠራችን ደግሞ ልጅ ያልወለደች ሴት ምን እንደሚደርስባት የማያውቅ የጎጃም ሰው የለም። አማት ይናገራል፣ ጎረቤት ይናገራል፣ መጨረሻው ፍቺ ነው። ይህ ችግር ደግሞ በጊዜ ከታወቀ ይታከማል፤ ብዙዎቹም ይወልዳሉ። ምልክቱ ማጅራቷ ላይ ተጽፎ ሳለ ብብቷን ተኩሰው ገንዘቧን ተቀብለው የሚሸኟት ሰዎች የወሰዱባት ገንዘቧን ብቻ አይደለም።

ዕድሜዋ ገፋ ብሎ፣ እየከሳች፣ ምግብ እያስጠላት፣ ብብቷና መዳፏ በድንገት ከወፈረና ከጠቆረ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የሆድ ዕቃ ካንሰር፣ በተለይም የጨጓራ፣ አንዳንድ ጊዜ ራሱን የሚገልጠው እንዲህ ነው። አልፎ አልፎ የሚገጥም ነገር ነው፤ ለገጠማት ግን ሳይውል ሳያድር ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መድረስ አለባት። ከቡሬ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ማለቴ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በግጭቱ ምክንያት በጎጃም መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስንት ሕመምተኛ ቤቱ እንደቀረ የምናውቀው እዚያ የነበርን ነን። ሐኪም ዘንድ የምትደርስባት ያቺ አንዲት ዕድል በከንቱ እንድትባክን የሚያደርግ ሰው ምን ይባላል?

ባክቴሪያ የሚያመጣውም ጥቁረት አለ። ቡናማ ነው፣ ዳርቻው የለየለት ነው፣ ቅርፊት ቢጤ አለው፤ «ዉድ» በሚባለው መብራት ሲያዩት ቀይ ሆኖ ያበራል። ኤሪትሮማይሲን የሚባል ተራ መድኃኒት ያጠፋዋል።

ብዙ ጊዜ የሚገጥመን ግን ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ደረቅ ምላጭ፣ ሎሚ፣ ዲዮድራንት፣ ናይለን ልብስ። ሽታ ያጠፋል ተብሎ ገና በተላጨ ብብት ላይ ሎሚ የምታሽ ሴት በየቤቱ አለች። ሎሚው አሲድ ነው፤ ምላጭ የፈቀፈቀውን ቆዳ ያስቆጣዋል። የኛ ቆዳ ደግሞ ጠባዩ ይታወቃል፤ ሲቆጣ ቀለም ያመርታል፣ ሲድን ጠቁሮ ይድናል። ብጉር የነበረበት ቦታ ይጠቁራል፣ ቁንጫ የነከሰው ይጠቁራል፣ ጫማ የላጠው ይጠቁራል። እንዲህ ያለችዋ ሴት ሎሚውን ብትተው፣ ምላጩን ብታሳርፈው፣ ጥጥ ልብስ ብትለብስ በወራት ውስጥ ለውጡን ታየዋለች። ይህን የሚነግራት ሰው ግን ምንም የሚሸጥላት ነገር ስለሌለው ማስታወቂያ አያሠራም።

ቆዳችን ሲቆጣ ይጠቁራል ያልኩትን ያዙልኝና ወደ ሌዘሩ እንሂድ። ሌዘር ብርሃን ነው። ብርሃኑን የሚውጠው በቆዳና በፀጉር ውስጥ ያለው ጥቁር ቀለም፣ ሜላኒን ነው። የተዋጠው ብርሃን ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱ ዒላማውን ያፈርሳል። ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ እ.ኤ.አ. በ1983 ይህን ካሳተሙ ወዲህ የቆዳ ሌዘር ሁሉ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ዒላማው ጥቁር፣ ዙሪያው ነጭ ሲሆን ያለ ችግር ይሠራል። የኛ ዙሪያ ግን ራሱ ቀለም አለው። ብርሃኑ ይህኛው የሚጠፋው ነው፣ ያኛው የሚቀረው ነው ብሎ አይለይም፤ ያገኘውን ሁሉ ያሞቃል። ቆዳ ይቃጠላል፤ የተቃጠለው ይቆጣል፤ የተቆጣው ይጠቁራል። ጥቁረቱን ለማጥፋት የከፈለችው ሴት የምትወስደው የበለጠ ጥቁረት ነው።

ሐኪሞቹ ይህን አያውቁም እንዳይባል በመጽሐፍ የሰፈረ ነው። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 የቆዳን ዓይነት ፀሐይ እንዴት እንደሚያቃጥለው እያየ ሲመድብ የጀመረው ከነጭ ቆዳ ነበር፤ ቡናማውና ጥቁሩ ቆዳ አምስተኛና ስድስተኛ ተብሎ የታከለው ኋላ ነው። መሣሪያዎቹም መጀመሪያ የታሰቡት ለነጭ ቆዳና ለጥቁር ፀጉር ነው። አይፒኤል የሚባለው የብልጭታ መብራትና አጭር ሞገድ ያላቸው ሌዘሮች ለኛ ዓይነት ገላ አደገኛ ናቸው። 1064 ናኖ ሜትር የሚተኩሰው ኤንዲ ያግ ጠለቅ ብሎ ስለሚገባና የላይኛው ቀለም ብዙ ስለማይውጠው ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ጉልበቱን መመጠን በሚያውቅ ሰው እጅ ነው። ብብት ደግሞ የታጠፈ፣ ስስ፣ ሁልጊዜ የሚረጥብ ቦታ ነው፤ ስህተትን አይምርም። በብብት ጥቁረት ላይ ሌዘርን የፈተሹት ጥናቶች ጥቂት ናቸው፣ የተሳተፉባቸውም ሰዎች ጥቂት ናቸው። እንግዲህ «መቶ በመቶ ዋስትና» እያለ የሚለጥፈው ሰው ከየት አምጥቶ ነው?

ሌዘርን አልጠላም። በልጅነቷ ሳትጠየቅ አንገቷን የተነቀሰች ሴት ንቅሳቷን ማስነሣት ብትፈልግ የተሻለው መንገድ ትክክለኛው ሌዘር ነው። ፀጉሯ ወደ ውስጥ እየበቀለ ብብቷ የሚያብጥባት ሴትም የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ፀጉሯን በሌዘር ብታስነሣ ከምላጩ ትገላገላለች፤ ጥቁረቱም ሊቀንስላት ይችላል። እንዲህ ያለው ሐኪም ግን አስቀድሞ ይጠይቃል፣ ይመረምራል፣ በትንሽ ቦታ ሞክሮ ሳምንታት ይጠብቃል፤ አንዳንዷንም «አንቺ ይህ አያስፈልግሽም» ብሎ ይመልሳታል። የማወግዘው ማንንም የማይመልሰውን ነው።

«ገላዋ የራሷ ነው፣ ገንዘቧም የራሷ ነው፣ አንቺ ምን አገባሽ» የሚሉኝ አሉ። አዎን፣ ገላዋ የራሷ ነው። የራሷ ከሆነ ምን እንደሚደረግበት ማወቅ አለባት። ማን እንደሚተኩስባት፣ በምን እንደሚተኩስባት፣ ሊደርስባት የሚችለው ጉዳት ምን እንደሆነ ሳይነገራት የሰጠችው እሺታ ምን እሺታ ነው? የአክስቴ ልጅ የፈረመችው ወረቀት የገንዘብ ደረሰኝ ብቻ ነው።

ሌዘሩ ሩቅ ነው፣ የሚያነጣው ቅባት ግን ቅርብ ነው። እሱን ለመግዛት ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም፤ ሱቁ ውስጥ ከሳሙናው አጠገብ አለ። የሚያቀላ፣ የሚያጠራ፣ የሚያነጣ እየተባለ ይሸጣል። አንዳንዱ ክሎቤታሶል የሚባል ብርቱ ስቴሮይድ አለበት፤ ብብት ላይ ሲቀቡት ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ቀይ ሸንተረር ሆኖ ይሰነጣጥቀዋል፤ ያ ሸንተረር ዕድሜ ልክ አይጠፋም። አንዳንዱ ሃይድሮኪኖን አለበት፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ሰማያዊ ያዘለ ጥቁረት ያመጣል። ከሁሉ የከፋው ሜርኩሪ ያለበት ነው፤ በቆዳ ሰርጎ ኩላሊት ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ ያስጠነቀቀበት ነው። የሚናማታ ስምምነት ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት የውበት ቅባት ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዳይመረት፣ እንዳይገባ፣ እንዳይወጣ ደንግጓል። የሚጠባ ሕፃን ያላት እናት እንዲህ ያለውን ቅባት ደረቷ ላይ ስትቀባ አይቼ አውቃለሁ። የገዛችበት ሱቅ ባለቤት በዕቃው ላይ የተጻፈውን ቋንቋ ማንበብ አይችልም።

በቆዳው ምክንያት በእውነት የተዋረደ ሰው የምትፈልጉ ከሆነ እኛው ዘንድ አለ። በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች 3.3 በመቶ ያህሉ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የዝሆኔ በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረግጡ ኖረው እግራቸው ያበጠ፣ ቆዳው እንደ ድንጋይ የጠጠረ ገበሬዎች ናቸው። ዝሆኔ ያለባትን ልጅ የሚያገባ የለም፤ እህቷንም «በዘር ነው» ብለው ይሸሿታል። ማኅበር ላይ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ለዚህ የሚያስፈልገው ውኃ፣ ሳሙና፣ ጥቂት በረኪና ጠብ ያለበት መዘፍዘፊያ፣ ቫዝሊን፣ ካልሲና ጫማ ነው። በየቀኑ ታጥባ፣ ተቀብታ፣ ጫማ ተጫምታ እብጠቷ የጎደለላት፣ ሽታው የጠፋላት፣ ቤተ ክርስቲያን ተመልሳ የገባች ሴት በዓይኔ አይቻለሁ። ስለ እሷ ግን ማንም ፎቶ ጎን ለጎን አይለጥፍም። ትርፍ የለበትማ! ለጤነኛ ብብት የሚፈሰው ገንዘብና ጩኸት አንድ አሥረኛው ወደዚህ ቢዞር ስንቱ ሰው ቀና ብሎ በሄደ ነበር።

ይህን ለማስቆም አዲስ ሕግ አያስፈልግም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያንም የውበት መጠበቂያንም በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አድርጓል። ቆዳ የሚያቃጥል ሌዘር ከፀጉር ካስክ ጋር በአንድ ክፍል፣ በአንድ እጅ ሊያዝ አይገባም። የውበት ቤት ሌዘር ካለው የመሣሪያው ስም፣ የሞገዱ ልክ፣ የሚተኩሰው ሐኪም ስምና ፈቃድ በሩ ላይ ይለጠፍ፤ ከሌለ ይታሸግ። የክልላችን ጤና ቢሮም በየከተማው ሱቅ ገብቶ መለያ የሌለውን ቅባት ይሰብስብ። በየቀበሌው ላሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን የጠቆረና የወፈረ ማጅራት ያላትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ፣ ጤና ጣቢያውም ስኳሯን ሳይለካ እንዳይመልሳት ይታዘዝ። የመለኪያ ወረቀቱም አልቋል እንዳይባል፤ ስንት ጊዜ አልቋል ብለን ሰው እንደመለስን እኔ አውቃለሁ።

አንቺ ደግሞ፣ ለጥር የምትዘጋጂው፣ ቬሎሽን የምትወጂውን ምረጪ፤ እጅጌ ይኑረው አይኑረው ያንቺ ነገር ነው። ብብትሽ ያልነበረ ጥቁረት ካመጣ፣ ከወፈረ፣ ወይም ማጅራትሽም አብሮ ከጠቆረ፣ መጀመሪያ በባዶ ሆድሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ከሌዘር ቤት ከደረስሽም አስተኝተው ሳይተኩሱብሽ በፊት «ሐኪሙ ማን ነው? ጥቁረቱ ከምንድን ነው የመጣው?» በያቸው። መልስ ከሌላቸው ቦርሳሽን አንሥተሽ ውጪ።

የአክስቴ ልጅ ገንዘቧ እንዲመለስላት ደጋግማ ደውላለች። እስከ ዛሬ የተሰጣት መልስ «የቀረሽን ዙር በነፃ እንሠራልሻለን፣ ነይ» የሚል ነው።